የዘሪሁን ሁለተኛ ትምህርት

እኔ የምለው፣ ሰው የሚፈራው ውድቀትን ነው ያለው ማን ነው? ያ ሰው አንድ ቀን ከጓደኛዬ ከዘሪሁን ጋር ቁጭ ብሎ ሻይ ቢጠጣ ኖሮ ሐሳቡን ይቀይር ነበር። መውደቅማ ምን አለው? ከወደቅክ በኋላ ማንም ምንም አይጠብቅብህም። ቤትህ ገብተህ፣ ጫማህን አውልቀህ ትተኛለህ። አስቸጋሪው ሌላኛው ነው።

እስቲ ከመጀመሪያው ላውጋችሁ። ውጭው እንደሆነ ዝናብ ነው፤ ታክሲም የለም። እናንተም የትም አትሄዱም፣ እኔም የትም አልሄድም።

ኮተቤ ውስጥ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ተማሪው ከሒሳብ ድካም የሚያርፍበት ነው። ቅር አይለኝም፤ ለምጄዋለሁ። የኔ ችግር ግድግዳው ነው። ከግድግዳው ወዲያ ዘሪሁን ሒሳብ ያስተምራል፤ ግድግዳው ደግሞ ቺፑድ ነው። እኔ ስለ ስምጥ ሸለቆ ሳወራ የዚያኛው ክፍል በሳቅ ይናጋል። የኔዎቹ አንገታቸው ሁሉ ወደዚያ ይዞራል። እንዲያው እውነቱን ለመናገር የኔም ይዞራል።

ዘሪሁን ረዘም ያለ፣ ትከሻው ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ሲናገር እጁ የማያርፍ ሰው ነው። ከሆሳዕና ነው የመጣው። ኮተቤ መምህርነት ሊማር መጥቶ እዚያው አስተማሪ ሆኖ ቀረ። ካራ ጎረቤቴ ነው። ሚስቱ ትዕግስት መንገድ ዳር ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ስሟ ትዕግስት መሆኑ አጋጣሚ ነው። ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ስጨርስ እናንተው ትፈርዳላችሁ።

አንድ ቀን ማይነስ በማይነስ ሲባዛ ለምን ፕላስ እንደሚሆን ሲያስረዳ በግድግዳው ሰማሁት። እኔ ይህን ነገር ተማሪ እያለሁ ሸምድጄ ያለፍኩት ነው። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም፤ ብጠይቅም መልሱ ኩርኩም ነበር። ዘሪሁን ግን እንዲህ አላቸው፦

«ታክሲ ውስጥ ናችሁ እንበል። አሁን ትምህርት ቤታችን በር ላይ ደርሳችኋል፤ በሩ ዜሮ ነው። ወደ ካራ መውጣት ፕላስ፣ ወደ መገናኛ መውረድ ማይነስ። የናንተ ታክሲ እየወረደ ነው፤ ማይነስ። አሁን ጊዜውን ወደ ኋላ መልሱት፤ ይሄም ማይነስ። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ታክሲያችሁ የት ነበር?»

ክፍሉ ባንድ ድምፅ «ካራ» አለ።

«ካራ በየት በኩል ናት?»

«በፕላስ።»

እሱም፣ «ታዲያ በየቀኑ ተሳፍራችሁበት እየመጣችሁ ነው ከበደን የምትሉኝ?» አላቸው።

የሱም ተማሪዎች ሳቁ፣ የኔም ሳቁ። እኔ ጠመኔዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ገባኝ።

እንግዲህ ሰብለ የምትባል የቀድሞ ተማሪያችን መገናኛ አካባቢ ትንሽ ስቱዲዮ ከፈተች። ትምህርት በቪዲዮ እየቀረጸች በስልክ የምትለቅ ልጅ ናት። አንድ ቀን ከሰዓት ትምህርት ቤት መጣችና «ቲቸር፣ ያቺን የታክሲዋን ትምህርት አሁኑኑ እንቅረጻት» አለችው። ጊዜ አልሰጠችውም። ከክፍል እንደወጣ፣ ጠመኔው ከእጁ ላይ ሳይራገፍ፣ ይዛው ሄደች። በኋላ ሳስበው የበጀው ይሄ ነው፤ ለመፍራት ፋታ አላገኘም።

ቪዲዮው ከስልክ ስልክ ዞረ። ምን ያህል ሰው እንዳየው አላውቅም፤ እኔ የማውቀው ካራን ነው። ካራ ያላየው አልነበረም። የታክሲ ረዳት ዘሪሁንን ከሰልፍ መሐል ጎትቶ አውጥቶ ጋቢና አስገባው። «ቲቸር፣ ወደ ፕላስ ነን ወይስ ወደ ማይነስ?» እያለ እስከ ኮተቤ አሳቀን። አባቱ ከሆሳዕና ደውለው፣ ጎረቤቱ ሁሉ እቤታቸው መጥቶ እንዳየው፣ ሒሳቡ ባይገባቸውም ሸሚዙ ንጹሕ እንደነበር ነገሩት። ትዕግስት ደግሞ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ ለመጣ ሁሉ ወረቀቱ ማሽኑ ውስጥ እያለ ቪዲዮውን ትከፍትለት ጀመር።

ሰብለ አንድ ሙሉ ተከታታይ ትምህርት በሱ ልትቀርጽ ወሰነች። የሁለተኛው ቀረጻ ቀን ተያዘ። ያን ሰሞን ከትምህርት ቤት ወደ ቤት በእግራችን ስንሄድ ዘሪሁን መንገዱ መሐል ቀጥ ብሎ ቆመ።

«መኩሪያ፣ የመጀመሪያው እንዴት ነው ጥሩ የሆነው?» አለኝ።

«ጎበዝ ስለሆንክ ነዋ።»

«እሱን ተወው። እንዴት እንደሆነ እኔ ራሴ አላውቅም። ያላወቅኩትን ነገር እንዴት ነው የምደግመው?»

«በየቀኑ እኮ ነው የምትደግመው። እኔ በግድግዳ እየሰማሁ አይደል እንዴ የምኖረው?»

«ክፍል ውስጥማ ማንም ምንም አይጠብቅብኝም። እዚህ ግን ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ እየጠበቀኝ ነው። ሁለተኛው ካላማረ የመጀመሪያውም አጋጣሚ ነበር ይላሉ። ሁለተኛው እስከሌለ ግን ምንም አይሉም። ገባህ?»

አልገባኝም። ቀልድ ነበር የመሰለኝ። ሰው ስለተሳካለት ሲጨነቅ አይቼ አላውቅም፤ እኔን እንደሆነ በዚህ በኩል የሚያስጨንቅ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም።

በቀረጻው ዋዜማ ዘሪሁን ጭንቅላቴን ላናፍስ ብሎ እንጦጦ ወጣ። እንጦጦ ጭንቅላት ለማናፈስ ጥሩ ቦታ ነው፤ ማን ይክዳል? ግን በሐምሌ? ያውም በክፍል ጫማ፣ ሶሉ አልቆ እንደ ሳህን የሚያንሸራትት? ከየካ ሚካኤል በላይ ባለው ዳገት ጭቃው ውስጥ ተንሸራትቶ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። ቅጠል ተሸክመው ይወርዱ የነበሩ ሴቶች ሸክማቸውን ጥለው ደግፈው አወረዱት። ልጠይቀው ስሄድ እግሩ ድንች መስሏል። ፊቱን ግን ብታዩት፣ የታመመ ሰው ፊት አልነበረም። ወራት ሙሉ እንቅልፍ ያጣ ሰው ጥሩ አድርጎ ሲተኛ የሚነሳውን ፊት ታውቁታላችሁ? እሱን ነበር የሚመስለው።

«እንግዲህ ምን ይደረግ» አለ፣ ትራስ ተደግፎ። «እግዜር ያላለው ነገር አይሆንም።»

ሰብለ ደውላ «ቲቸር፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው እንቀርጽዎታለን፤ እግርዎን ማን ያያል?» አለችው። ሒሳብ ተቀምጠው አያስተምሩም አላት። እሺ፣ እስኪሻልዎት አለችና ጠበቀችው።

ተሻለው። በዚህ ጊዜ ደግሞ ሰሌዳ መጣ። በስቱዲዮው የሚጻፈው ስክሪን ላይ ነው፤ የመጀመሪያውንም የቀረጸው በዚያው ነው። አሁን ግን እጄ ጠመኔ ካልያዘ ጭንቅላቴ አይሠራም አለ። ሰብለ ምን አለች? ምንም። ከአንድ የተዘጋ መዋዕለ ሕፃናት አሮጌ ሰሌዳ ፈልጋ አስመጣች። ስቱዲዮው ፎቅ ላይ ነው፤ ያወጣነው እኔና ካሜራ የሚይዘው ልጅ ነን። ደረጃው ጠባብ ነው፤ ሰሌዳው ሰፊ ነው። ወገቤ እስከ አሁን ዝናብ ሲመጣ ይነግረኛል። ዘሪሁን መጥቶ ሰሌዳውን በጣቱ ነካ፣ ወደ ኋላ ሄዶ አየው፣ ጎንበስ ብሎም አየው።

«ይሄ እኮ አረንጓዴ ነው» አለ።

ቀለም ተገዝቶ ጥቁር ተቀባ። ደርቆ፣ መብራት በርቶ፣ ካሜራው ተስተካክሎ፣ ሁሉም ነገር አለቀ። ሰውየው ቀጫጭን መስመር ያለው ሸሚዝ ለብሶ መጣ። እንዲህ ያለ ሸሚዝ ካሜራ ላይ ይርገበገባል አሉ፤ እኔ አላውቅም። ሰብለ በትሕትና «ቲቸር፣ እዚህ ሌላ ሸሚዝ አለ፣ ይቀይሩልኝ?» ብላ ጠየቀችው። ቃሉ ይኸው ነው፤ እኔ እዚያው ነበርኩ።

ዘሪሁን ጠመኔውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «የምትፈልጉት ሸሚዝ ነው ወይስ ሰው?» አለ። እሷ ልትመልስ አፏን ስትከፍት፣ በሱ ስም ለመነገድ እንደምትሮጥ፣ አስተማሪዋን ማክበር እንደረሳች፣ ከሱ የማይጠበቁ ቃላት ከአፉ ወጡ። ከዚያ ወጥቶ ሄደ። ስልኩን ዘጋ። ሰብለ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ እኔ የገዛ ቤቷን የሸጥኩባት ያህል ተሸማቅቄ ቆምኩ። ደግሞ የሚገርማችሁ፣ ከፎቁ ወርጄ ስደርስበት ሰውየው ጥግ ላይ ካለው ሻይ ቤት ረጋ ብሎ ሻይ እያማሰለ ነበር።

«አየሃቸው?» አለኝ። «በሸሚዝ ምክንያት።»

በሸሚዝ ምክንያት። ልብ በሉልኝ፣ ምክንያቱ ሸሚዙ ነው። እሱ አይደለም።

ሰብለ ሌላ ሰው ፈለገች። ናትናኤል የሚባል ወጣት አስተማሪ አገኘች። ናትናኤልን ልማው አልፈልግም፤ ሥርዓት ያለው ልጅ ነው። ግን ሲያስተምር የመድኃኒት መመሪያ የሚያነብ ይመስላል። ቀልድ የለው፣ ታክሲ የለው። ያለው አንድ ነገር ነው፤ ና ባሉት ሰዓት ይመጣል፣ ልበስ ያሉትን ይለብሳል፣ ትናንት ያበላሸውን ዛሬ ያሻሽላል። እያለ እያለ ታወቀ። ተማሪዎቻችን ሁሉ በሱ ያጠኑ ጀመር።

በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ተሰብስበን የናትናኤልን ቪዲዮ እናያለን። አንዱ ይነሳና «ምን ዋጋ አለው፣ ዘሪሁን ቢሆን ኖሮ» ይላል። ሌላው ይቀበላል፤ «ዘሪሁን ቢሆን ኖሮማ።» ዘሪሁን ጥጉ ላይ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል፤ ደም ግባቱም ይመለሳል። እኔ ያኔ ነው የነቃሁት። ይህ ሰው «ቢሆን ኖሮ»ን እየበላ ነው የሚኖረው። እንደሱ ያለ ምቹ መኖሪያ የት ይገኛል? ናትናኤል በየሳምንቱ አንድ ነገር ያበላሻል፤ ሰውም ይሰድበዋል። «ዘሪሁን ቢሆን ኖሮ» የሚባለው ሰው ግን አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም።

ይህን ቀልድ አስመስዬ ትዕግስት ሱቅ ሄጄ አወራሁላት። ትስቃለች ብዬ ነበር። ማሽኑን አጠፋችና ወንበር ሰጠችኝ።

«ጋሽ መኩሪያ፣ ዘሪሁን እንደ ናትናኤል ቢወድቅ ደስ ይለኝ ነበር» አለችኝ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሄዶ፣ ቀርጾ፣ ሰው ሁሉ ቢስቅበት። እቤት ይመጣ ነበር፣ አይደል? እራት አቀርብለት ነበር፣ አልበላም ይለኝ ነበር፣ አብረን እናለቅስ ነበር። እኔ የወደቀ ባል አይከብደኝም። አባቴም ወድቆ ነው ያሳደገን። ይሄ ግን ወድቆልኝ አያውቅም። ስለዚህ ላጽናናውም አልችልም። ሁሌም የሆነ ሰው አለ፤ ወይ ጭቃው፣ ወይ ሰሌዳው፣ ወይ ያቺ ልጅ። እኔ ከሱ ጋር አይደለም የምኖረው፤ ከበደሉት ሰዎች ጋር ነው የምኖረው።»

ፎቶ ኮፒ የሚያስነሳ ሰው መጣና ከመመለስ ገላገለኝ።

ጊዜው ሄደ። መንገዱ ተቆፈረ፣ ተደፈነ፣ እንደገና ተቆፈረ። ዘሪሁን ከግድግዳው ወዲያ ማሳቁን ቀጠለ፤ ግን ቀልዶቹ ያው እየሆኑ መጡ። ተማሪዎቹ ከመሳቃቸው በፊት እኔ የት ጋ እንደሚስቁ አውቅ ጀመር። ትዕግስት ቪዲዮውን ለደንበኛ መክፈት ተወች።

ከዚያ ናትናኤል የውጭ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ሄደ። አንድ እሑድ ከሰዓት ሰብለ ብርቱካን ይዛ ካራ መጣች። እኔ ትዕግስት ጠርታኝ እዚያው ነበርኩ። ልጅቷ ቂም የሚባል ነገር ፊቷ ላይ አልነበረም። ተቀመጠች፣ ስለ ጤናችን ጠየቀች፣ ከዚያ በቀጥታ ተናገረች። «ቲቸር፣ ከእርስዎ በኋላ ያስተማረን ብዙ ነው፤ ያስረዳን ግን የለም። የዘጠነኛን ሒሳብ በሙሉ በእርስዎ ልቀርጽ ነው የመጣሁት። ሰሌዳው አለ። ጥቁር ነው። ሸሚዝዎን የፈለጉትን ይልበሱ።»

ትዕግስት ብርቱካኑን ይዛ ጓዳ ገባች፤ ለመላጥ አልነበረም። ዘሪሁን «እሺ» አለ። በቃ፣ እሺ። ምንም ቅድመ ሁኔታ አላስቀመጠም። እኔ ሰብለን ስሸኛት ዳገቱ አልተሰማኝም።

በዚያው ሳምንት ድምፁ ጠፋ።

አትሳቁ፤ ውሸቱን አይደለም። ሰኞ ሻከረ፣ ከዚያ ሹክሹክታ ሆነ። ግድግዳዬ ጸጥ አለ። ተማሪዎቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ስምጥ ሸለቆ አዳመጡኝ፤ በዚህ መንገድ ባይሆን እመርጥ ነበር። ትዕግስት ዝንጅብል አፈላች፣ ማር በሎሚ ሰጠች፣ አንገቱን በሻርፕ ጠቀለለች። እሱ ሁሉንም በጸጋ ተቀበለ። እንደዚያ ገራም የሆነ ታማሚ አይቼ አላውቅም። ሰሌዳ ላይ እየጻፈ በምልክት ያስተምራል፤ በእረፍት ሰዓት ጉሮሮውን በእጁ እየጠቆመ ፈገግ ይላል። መምህራኑ ከንፈራቸውን መጠጡለት። «አሁን፣ ሊሳካለት ሲል» አሉ።

ትዕግስት ግን ፈርታለች። አስተማሪ ጉሮሮው ላይ ክፉ ነገር ሲወጣበት ሰምታለች። «ጋሽ መኩሪያ፣ በግድ ውሰድልኝ» አለችኝ። እኔም ፈራሁ። ወሰድኩት።

ሐኪሙ ሽምግል ያሉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። በአፍንጫው በኩል ቀጭን ካሜራ አስገብተው ጉሮሮውን አዩ። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨረስኩ። ትዕግስትን አሰብኩ። ዘሪሁን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጠብቃል።

«እንኳን ደስ ያለዎት» አሉት ሐኪሙ። «ጉሮሮዎ ንጹሕ ነው። ምንም እብጠት የለ፣ ምንም ቁስል የለ። የድምፅ ገመዶችዎ እንደ ወጣት ናቸው። አንዳንዴ ጭንቀት ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል። ውሃ ይጠጡ፣ አይፍሩ፣ ይናገሩ።»

ልቤ ዘለለ። ልጨብጠው ዞርኩ። ዘሪሁን ሐኪሙን የሚያያቸው መርዶ እንዳረዱት ሰው ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል። ከወንበሩ ስናነሳው ክንዱን ያዝኩት፤ ከብዷል።

ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ኮተቤን አለፍን። ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል። ድንገት ወደ እኔ ዞረና፣ «ይሄ ሐኪም አልተረዳኝም። ሌላ ሐኪም ጋ እንሂድ» አለኝ።

ጥርት ባለ ድምፅ። በክፍሉ ድምፅ፣ በዚያ ግድግዳ በሚያልፈው። ጋቢና ያለው ሰው ሳይቀር ዞሮ አየን። ዘሪሁን ራሱ የሰማው አይመስለኝም። እኔም አልነገርኩትም። መስኮቱን አየሁ።

ትዕግስት በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። ከላይ እስከ ታች አየችን። ዘሪሁን ጉሮሮውን ያዘና፣ እየሻከረ፣ በሹክሹክታ፣ «ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል» አላት።

እሷ አይኗን ወደ እኔ መለሰች። አስተማሪ ነኝ፤ መልስ የሚጠብቅ አይን አውቃለሁ። ጫማዬን ስጠርግ ቆየሁ። መቼም ጭቃው ብዙ ነበር። እሷም ከዚያ በላይ አልጠየቀችኝም፤ የምትጠይቀውን ያገኘች ይመስለኛል።

«ይሁን» አለች። «ሰብለ ደውላ ነበር።»

ዘሪሁን ቀና አለ። ፊቱ ላይ ተስፋ አየሁ፤ እምላለሁ፣ ተስፋ ነበር። ሌላ ሰው አገኘሁ ብላ ይሆናል ብሎ ነው።

«ሁሉን ነገርኳት» አለች ትዕግስት። «አይቸኩል አለች። ሌላ ሰው አልፈልግም፤ ዓመትም ቢፈጅ እሱን እንጠብቀዋለን አለች።»

ዘሪሁን ሻርፑን እንደጠቀለለ ደፉ ላይ ቁጭ አለ። ትዕግስት ግንባሩን በመዳፏ ነካች፣ አንዴ ደገመችና ደንግጣ አየችኝ። እኔም ነካሁት።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰውየው የምር አተኩሶት ነበር።